በካሬ ሃያ ዲናር

ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣
አሮጌ ቤት አለ፣ ግንቡን ጨው የበላው፣ ቀለሙ ተልጦ፣ ተንጠልጥሎ።
ሰገነቱ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣
የኔ ክፍል ነበር።
በጀርባዬ ተኝቼ ግራጫውን ጣሪያ፣ ሞገድ ሞገዱን ሳይ፣
የተገለበጠ ባሕር ይመስለኝ ነበር በላይ።

አንድ ማታ የጎረቤት ልጅ ኳስ ለጋ፤
ጫፉን ገመሰችው። መጥረጊያ አነሣሁ ሲነጋ፣
ደረቁን ጠረግሁት።
ያኔ ስሙን አላውቅም፤ አቧራ ነው ያልሁት።

ዘንድሮ የማዳም የልጅ ልጅ ከዶሃ ሊመጣ ሆነ፤
አራት ዓመቱ ነው፤ ሲተኛ ደረቱ የሚያፏጭ፣ አንዴማ ጭራሽ የታፈነ።
ሐኪሙ፣ "ቤቱ አሮጌ ከሆነ ጣሪያው ይታይ" አለ፤
ሱሬሽ የሚሉት መሐንዲስ መጥቶ መሰላል ተከለ፤
ጥፍር የምታህል ስባሪ በውሃ አርሶ ቆረሰ፤
በላስቲክ አሽጎ፣ እጁን እንደ ገናዥ ታጥቦ ተመለሰ።

በሳምንቱ ወረቀቱ መጣ። ስሙም መጣ፤ አስቤስቶስ።
ማዳም ጮክ ብለው አነበቡት፦
አትስበሩት። በደረቁ አትጥረጉት።
በዓይን የማይታይ መርፌ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይሰካል፤
ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ይጠብቃል።
መጥረጊያውን አየሁት። ከበሩ ኋላ ቆሟል።

ከዚያ ዋጋው መጣ።
ሰገነቱ ሰባ ካሬ፤ በካሬ ሃያ ዲናር፣
ነጭ ልብሱ፣ ጭንብሉ፣ ከረጢቱ፣ በረሃ ወስዶ መቅበሪያው ጭምር።
"አንድ ሺህ አራት መቶ!" ማዳም ጉንጫቸውን ይዘው ቀሩ፤
"ለጣሪያ ቀብር?" እያሉ ሲቆጥሩ፣ ሲደምሩ።
ሌላ ሰው ተጠራ፣ ፒካፕ ያለው፤ "መቶ ሃምሳ ይበቃኛል፤
ማታ ነው፣ ሁለት ልጅና መዶሻ፤ ሲነጋ ንጹሕ ይሆናል።"
ልጆቹን አየኋቸው፣ በነጠላ ጫማ።
አንዱ ጢም እንኳ አላበቀለም።

ማዳም ሁለት ሌሊት አሰቡ። በሦስተኛው የሕፃኑ ፎቶ ስልካቸው ላይ በራ፤
"በሉ ሱሬሽ ይጠራ።"

እኔም አሰብሁ፣ ወር በመቶ ዲናር የምቆጥር፤
የኔ ክፍል ብቻ፣ ሦስት በአራት፣ ሁለት መቶ አርባ ዲናር።
ሁለት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ለፍቼ የማገኘው፣
ከራሴ በላይ ያለውን ለማውረድ ነው የሚበቃው።

ሱሬሽ ቅጽ ይዞ ወጣ። "እዚህ የሚያድር አለ?"
"መጋዘን ነው" አሉ ማዳም።
ፍራሼ ተዘርግቷል፤
ሚያዝያ ላይ የቆመ የአገሬ ቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።
አየኝ። ቀስ ብሎ፣ "ስንት ዓመት?" አለኝ።
ሰባት ጣት አነሣሁ።
ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆየ።
ቅጹ ለካሬ ሳጥን አለው፣ ለከረጢት፣ ለመኪና፣ ለውሃ፤
ለጣት የለውም።
ብዕሩን ከደነ።

ቤተሰቡ ሦስት ቀን ሆቴል ገባ፤ እኔ እኅታቸው ወጥ ቤት ነበርሁ።
ስመለስ ጣሪያው ነጭ ነው፣ ለስላሳ፣ ሞገድ የሌለው።
ማዳም ክፉ አይደሉም። "አንሻ፣ ላንቺም ተመቸሽ" አሉኝ።
እውነት ነው፤ ቀዝቃዛ ነው።
ሌሊት የራሴን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፣ እንደ ሌባ ኮቴ።

በውድቅት ብርድ ልብሱ ትዝ አለኝ።
ሰማያዊው፣ ጽጌረዳ የታተመበት፣
በዚያ ጣሪያ ሥር ስለብሰው ኖሬ
አምና ለእናቴ በካርጎ የላክሁት።
ከሚሴ ደወልሁ። ዘሀራ አነሣች።
"ብርድ ልብሱን እንዳታራግፉት፤ መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት።"
ሳቀች። "የመጣ ዕለት ነው እኮ፣ አጥር ላይ ሰቅለን በዱላ የደበደብነው!
ልጆቹ ሥር ሥሩ ሲሽሎከለኩ፣ አቧራው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣
ሊይዙት ሲዘሉ ብታያቸው።
ምነው፣ ውድ ነበር እንዴ?"

እንግዲህ ምን ልበላት።
ነጩን ጣሪያ አየሁ።
"አይ፣ እንዲያው ነው" አልኋት።